በመጠነኛ ዋጋ የዱር እንስሳት ሌንስ መግዛት፦ ከመምረጥ እስከ መጀመሪያው ፎቶ

ረጅም ዙም ሌንስ ገዝተው የሚበሳጩ ሰዎች ችግራቸው አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት አንዱ ነው። ሌንሱ ካሜራቸው ላይ አይገጥምም፤ ወይም ይገጥምና ኦቶፎከሱ (ምስሉን በራሱ የሚያጠራው) አይሠራም፤ ወይም ሁሉም ይሠራና 600 ሚሊ ሜትር ላይ ሲደርስ (ቁጥሩ ሲጨምር ሩቁ ይቀርባል) ፎቶው ጥርት አይልም። ሦስቱንም ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ማወቅ ትችላላችሁ።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ያዙ፦ ይህን ዓይነት ሌንስ የምትገዙት ለረጅሙ ጫፉ ነው። 150-600 የሚል ሌንስ ይዛችሁ 150 ላይ የምታነሱት ፎቶ ጥቂት ነው። እንስሳው ሁልጊዜ ይርቃል፤ ብርሃኑም ሁልጊዜ ያንሳል። ስለዚህ ሌንሱን ስታወዳድሩም ሆነ ስትፈትኑ በረጅሙ ጫፍ፣ አፐርቸሩን (ብርሃን የሚገባበትን ቀዳዳ) እስከ መጨረሻው ከፍታችሁ ፍረዱት። በሌላ ቦታ ማማሩ አያታልላችሁ።

ትልልቆቹ የባለሙያ ሌንሶች፣ ለምሳሌ የካኖን 600 ኤፍ 4 (የኤፍን ትርጉም ደረጃ 3 ላይ ታገኛላችሁ)፣ ሲወጡ ወደ 13,000 ዶላር ይጠጉ ነበር። እዚህ የምንነጋገረው አዲስ ሲወጡ ከ650 እስከ 2,000 ዶላር አካባቢ ስለተሸጡት ነው። ያገለገሉት ከዚያም ያንሳሉ።

ደረጃ 1፦ የካሜራችሁን ማውንት ለዩ

ማውንት ማለት ሌንሱ ካሜራው ላይ የሚቆለፍበት ቀለበት ነው። ኩባንያው አንድ ስለሆነ ብቻ ሌንሱ ይገጥማል ማለት አይደለም።

1. የካሜራውን ሙሉ ሞዴል ጻፉ። "ካኖን ነው" አይበቃም፤ "ካኖን 700 ዲ" በሉ።
2. ካሜራው መስታወት ያለው ዲ.ኤስ.ኤል.አር. ነው ወይስ መስታወት የሌለው ሚረርለስ? ይህንን ለዩ።
3. የካኖን ዲ.ኤስ.ኤል.አር. ካላችሁ ኢ.ኤፍ. የሚል ሌንስ ፈልጉ። አር.ኤፍ. የሚለው የሚረርለስ ነው፤ በዲ.ኤስ.ኤል.አር. ላይ በምንም አዳፕተር (ማገናኛ ቀለበት) አይሆንላችሁም። ተቃራኒው ግን ይሠራል፦ የኢ.ኤፍ. ሌንስ በካኖን አዳፕተር አማካይነት በአር.ኤፍ. ካሜራ ላይ በደንብ ይሠራል።
4. ኒኮንም እንደዚሁ ነው። የኤፍ ማውንት ሌንስ ኤፍ.ቲ.ዜድ. በሚባለው አዳፕተር ወደ ዜድ ካሜራ ይሄዳል፤ የዜድ ሌንስ ግን ወደ ድሮው ዲ.ኤስ.ኤል.አር. አይመለስም።

ኒኮን ላይ ሁለት ወጥመድ አለ። የመጀመሪያው በ2000 የወጣው 80-400 ዲ ነው። ያገለገለው በርካሽ ይገኛል፤ ግን የራሱ ሞተር የለውም። እንደ ዲ 3200 ወይም ዲ 5300 ያሉት ካሜራዎች ደግሞ ሞተሩን በውስጣቸው አልያዙም። ሁለቱን ስታገናኙ ፎከሱን በእጃችሁ እያዞራችሁ ትቀራላችሁ። በኤፍ.ቲ.ዜድ. ላይም ያው ነው። ሁለተኛው ወጥመድ 200-500 ኤፍ 5.6 ኢ ነው፤ አፐርቸሩን በኤሌክትሪክ ስለሚቆጣጠር እንደ ዲ 90፣ ዲ 80 እና ዲ 3000 ባሉት የቆዩ ካሜራዎች ላይ በአግባቡ አይሠራም። ከዲ 3100 ጀምሮ ችግር የለበትም።

ደረጃ 2፦ ርዝመቱን አስሉ፤ አትገምቱ

"400 ይበቃኛል ወይስ 600?" የሚለው ጥያቄ በወሬ አይመለስም። የሒሳብ ማሽን አውጡ፦

የሴንሰሩ ወርድ በሚሊ ሜትር × የእንስሳው ርቀት በሜትር ÷ የሌንሱ ሚሊ ሜትር = ፎቶው ውስጥ የሚገባው ስፋት በሜትር።

ሴንሰር ካሜራው ውስጥ ምስሉ የሚያርፍበት ክፍል ነው። የፉል ፍሬም፣ ማለትም የትልቁ፣ ሴንሰር ወርዱ 36 ነው። የኒኮን፣ የሶኒና የፉጂ ትንሹ ሴንሰር 23.5 ገደማ፣ የካኖን ትንሹ ደግሞ 22.3 ገደማ ነው።

ምሳሌ፦ ባሌ ሳነቴ ላይ አንድ ቀይ ቀበሮ በ60 ሜትር ርቀት አይጥ እያደነ ነው እንበል። የሰውነቱ ርዝመት ከነጭንቅላቱ፣ ያለ ጭራው፣ 1 ሜትር ያህል ነው።

- ፉል ፍሬም ከ400 ጋር፦ 36 × 60 ÷ 400 = 5.4 ሜትር። ቀበሮው ከፎቶው ወርድ አንድ አምስተኛ እንኳ አይሞላም።
- ፉል ፍሬም ከ600 ጋር፦ 3.6 ሜትር። ከሩብ በላይ ይይዛል።
- ትንሹ ሴንሰር ከ400 ጋር፦ 3.5 ሜትር። ከላይኛው ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል።
- ትንሹ ሴንሰር ከ600 ጋር፦ 2.35 ሜትር። አሁን ፎቶው የቀበሮው ሆነ።

ሦስተኛውን መስመር ደግማችሁ አንብቡት። ብዙ ሰው "ካሜራዬ ተራ ነው፣ መጀመሪያ ፉል ፍሬም ልግዛ" ብሎ ገንዘቡን ካሜራው ላይ ይጨርስና ሌንስ መግዣ ያጣል። ለዱር እንስሳት ትንሹ ሴንሰር ያግዘናል እንጂ አይጎዳንም። ካሜራችሁን ያዙ፤ ገንዘቡን ሌንሱ ላይ አውሉት።

አሁን የራሳችሁን እንስሳ አስገቡ። ስሜን ተራሮች ላይ ጭላዳዎች ጥቂት ሜትሮች ድረስ ያስጠጋሉ፤ እዚያ 100-400 ከበቂ በላይ ነው። ሐዋሳ አሞራ ገደል ዓሣ ገበያው ላይ አባ ኮዳዎች በሰው መካከል ይራመዳሉ፤ 600 ይዛችሁ ከሄዳችሁ ምንቃራቸውን ብቻ ነው የምታነሱት። ዋና ፍላጎታችሁ ትናንሽ ወፎች ከሆኑ ግን 600 ያዙ። እሱም አንዳንዴ ያንሳል።

እንስሳው ከ100 ሜትር በላይ ከሆነ ብዙ ጊዜ ሌንስ አያድናችሁም። በመካከል ያለው አየር ራሱ ፎቶውን ሊያበላሸው ይችላል።

ደረጃ 3፦ ብርሃኑን አስቡ

በእነዚህ ሌንሶች ላይ ኤፍ 5.6፣ 6.3፣ 8፣ 9፣ 11 የሚሉ ቁጥሮች ታያላችሁ። ቁጥሩ ሲጨምር የሚገባው ብርሃን ይቀንሳል። ከ5.6 ወደ 6.3 ያለው ልዩነት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ኤፍ 8 የኤፍ 5.6ን ግማሽ፣ ኤፍ 11 ደግሞ ሩቡን ብቻ ያስገባል። በኤፍ 5.6 በአይ.ኤስ.ኦ (ካሜራው ለብርሃን ባለው ስሜት) 800 የሚነሳው ፎቶ በኤፍ 11 አይ.ኤስ.ኦ 3200 ይጠይቃል።

ፎቶ የምታነሱት ረፋድ ላይ፣ ሜዳ ላይ ከሆነ ኤፍ 8 ይበቃችኋል። ንጋት ላይ ወይም እንደ ሐረና ባለ ጥቅጥቅ ደን ውስጥ ከሆነ ግን ከ6.3 አትውጡ።

ደረጃ 4፦ በማውንታችሁ ምረጡ

*ካኖን ኢ.ኤፍ.፦* ሲግማና ታምሮን ለሌሎች ኩባንያዎች ካሜራ ሌንስ የሚሠሩ ናቸው። ሲግማ 150-600 ኮንቴምፖራሪ (2015፣ 1.93 ኪሎ) ወይም ታምሮን 150-600 ጂ 2 (2016፣ ወደ 2 ኪሎ)። በሁለቱ መካከል ለመምረጥ አትጨነቁ፤ በተሻለ ይዞታ ያገኛችሁትን ውሰዱ። የሲግማ "ስፖርትስ" የሚለው 2.86 ኪሎ ስለሆነ ለእግር ጉዞ አልመክረውም። ክብደት የሚከብዳችሁ ከሆነ ሲግማ 100-400 አለ፤ 1.16 ኪሎ ነው።

*ካኖን አር.ኤፍ.፦* 100-400 ኤፍ 5.6-8 ከሁሉ ቀላል ነው፤ 635 ግራም ብቻ። ሲወጣ 650 ዶላር ነበር። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ አላውቅም። 200-800 ርዝመቱ ያስጎመጃል፤ ግን 800 ላይ ኤፍ 9 ነው፤ ሲወጣ ዋጋው ወደ 1,900 ዶላር ነበር። ዙም ያልሆኑት 600 እና 800 ኤፍ 11 ርካሽና ቀላል ናቸው፤ በጥሩ ፀሐይ ብቻ ግን።

*ኒኮን ኤፍ፦* 200-500 ኤፍ 5.6። 2.3 ኪሎ ይመዝናል፤ ግን ከዳር እስከ ዳር ኤፍ 5.6 ነው። ያገለገለ ስታገኙ መጀመሪያ እሱን እዩ። ከዚያ ሲግማና ታምሮን ይከተላሉ።

*ኒኮን ዜድ፦* 180-600 (2023)። ስታጎሉት ከአካሉ አይወጣም፤ ርዝመቱ ሁሌም አንድ ነው።

*ሶኒ ኢ፦* ሶኒ 200-600 (2019)፤ እሱም ከአካሉ የማይወጣ ነው። ቦርሳችሁ ትንሽ ከሆነ ታምሮን 150-500፤ 1.7 ኪሎ ገደማ ነው፤ ሲታጠፍም አጭር ነው።

የማይወጣ አካል ያለው ሌንስ አቧራ ላይ ጥቅም አለው። የሚወጣውና የሚገባው ዓይነት በእያንዳንዱ ዙም አየር ይስባል፤ አቢያታ ዳር ወይም አዋሽ ላይ ያ አየር አቧራ ነው።

የማይገዙ

- "420-800 ኤፍ 8.3-16" የሚል፣ በተለያየ ስም የሚሸጥ፣ በጣም ርካሽ ሌንስ። ኦቶፎከስ የለውም፤ ከካሜራው ጋርም በኤሌክትሪክ አይገናኝም። ቁጥሩ ብቻ ነው የሚያምረው።
- ውስጡ መስታወት ያለው 500 ኤፍ 8 የእጅ ፎከስ ሌንስ። አጭርና ቀላል ነው፤ ነገር ግን ከበስተጀርባ ያለውን ብርሃን ሁሉ ቀለበት ቀለበት ያደርገዋል።
- 2 እጥፍ የሚያሳድግ፣ በካሜራውና በሌንሱ መካከል የሚገባ ቴሌኮንቨርተር። በኤፍ 6.3 ሌንስ ላይ ስትጨምሩት ኤፍ 13 ይሆናል። በአብዛኛው ዲ.ኤስ.ኤል.አር. ኦቶፎከሱ ይቆማል።

ደረጃ 5፦ ከበጀቱ ቀንሱ

ያላችሁን ገንዘብ ሁሉ ሌንሱ ላይ አትጨርሱ። ፈጣን ሚሞሪ ካርድ፣ ሌንሱን ከነኮፍያው (ከፊት ከሚገጠመው ጥላ) የሚይዝ ቦርሳ፣ አዳፕተር ካስፈለገም አዳፕተሩን አስቀድማችሁ ቀንሱ። 95 ሚሊ ሜትር የመከላከያ ፊልተር ግን አትግዙ። ርካሹ ፊልተር ጥራቱን ይገድላል፤ ጥሩው ደግሞ ውድ ነው። የፊቱን መስታወት የሌንሱ ኮፍያ ይጠብቀዋል።

ደረጃ 6፦ ያገለገለ ሌንስ አፈታተሽ

ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ሻጩን አንድ ሰዓት ጠይቁ። "ቸኩያለሁ" ካለ ሌላ ሻጭ ፈልጉ። የራሳችሁን ካሜራ፣ የተሞላ ባትሪ፣ ባዶ ካርድና ከተቻለ ላፕቶፕ ይዛችሁ ሂዱ። ጠዋት ወይም ደመናማ ቀን ምረጡ። እኩለ ቀን ላይ በአስፋልት በኩል አሻግራችሁ ብትፈትኑ ሙቀቱ ምስሉን ስለሚያንቀጠቅጠው ጤነኛውን ሌንስ ጥላችሁ ትሄዳላችሁ።

*በዓይንና በእጅ*

1. የፊት ጥርሱን (ፊልተር የሚጠመድበትን) እዩ። ከተጨፈለቀ ሌንሱ ወድቋል።
2. ብሎኖቹን እዩ። ጭንቅላታቸው ከተፋቀ ሌንሱ ተከፍቶ ነበር። ለምን እንደተከፈተ ጠይቁ።
3. ዙሙን ከዳር እስከ ዳር ቀስ ብላችሁ አዙሩ። አንድ ቦታ ላይ ከያዘ ወይም ከተንኮሻኮሸ ተዉት። አፍንጫውን ወደ ታች ስትይዙት ራሱ ወርዶ ቢረዝም ግን የተለመደ ነው፤ መቆለፊያው መሥራቱን ብቻ አረጋግጡ።
4. የስልክ መብራት ከኋላ በኩል አብርታችሁ ከፊት ተመልከቱ። ጥቂት የአቧራ ነጥብ ምንም አይደለም። እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ነጭ ክር ካያችሁ ፈንገስ ነው፤ በምንም ዋጋ አትግዙ። ጉም የመሰለ ነገር ካለም እንዲሁ።
5. የኋላውን መስታወት ከፊተኛው አብልጣችሁ መርምሩ። ፊት ላይ ያለ ቀጭን ጭረት ፎቶ ላይ አይታይም፤ ኋላ ላይ ያለው ግን ሊታይ ይችላል።
6. በትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ) ላይ የሚታሰርበት እግር ያለው ዓይነት ሌንስ ከሆነ እግሩ መኖሩን እዩ። ብዙዎች ይጥሉታል፤ ለብቻው መግዛት ደግሞ ያስከፍላል።

*በካሜራ*

1. ሌንሱን ረጅሙ ጫፍ ላይ አድርጉ፤ አፐርቸሩን ሙሉ ክፈቱ።
2. ከ20 እስከ 30 ሜትር ርቀት ላይ ጽሑፍ ያለበት ታፔላ ወይም የመኪና ታርጋ ፈልጉ። ካሜራውን ግንብ ላይ አስደግፉ። ሹተሩን (የማንሻውን ፍጥነት) 1/1000 ሰከንድ አድርጉ።
3. አንድ ፎቶ አንሱ፤ ፎከሱን ሆን ብላችሁ ወደ ቅርብ ነገር ወስዳችሁ አበላሹ፤ መልሳችሁ ታፔላው ላይ አድርጋችሁ አንሱ። ይህን 10 ጊዜ ድገሙ። ቢያንስ 8ቱ ፊደሉ ጥርት ያለ መሆን አለበት። በስክሪኑ ላይ 100 ፐርሰንት አጉልታችሁ እዩ፤ ሳታጎሉ ሁሉም ፎቶ ያምራል።
4. ፊት ለፊት የቆመ ጠፍጣፋ የጡብ ግድግዳ ወይም መስኮት የበዛበት ፎቅ አንሱ። ግራና ቀኙን አወዳድሩ። ሁለቱም ዳር ከመሃሉ ትንሽ ቢያንስ ደንብ ነው። አንዱ ጥርት ብሎ ሌላው ከደበዘዘ የውስጡ መስታወት ተዛንፏል፤ ተዉት።
5. የንቅጥቅጥ መከላከያውን አብሩና የሹተሩን ቁልፍ በግማሽ ተጫኑ። በመመልከቻው ውስጥ ምስሉ ረጋ ማለት አለበት። ከዘለለ ወይም ወደ አንድ ጎን ከተንሸራተተ ተበላሽቷል።
6. አፐርቸሩን ኤፍ 11 አድርጋችሁ አንሱ። ፎቶው በጣም ከነጣ ወይም ካሜራው የስህተት መልእክት ካሳየ የአፐርቸሩ ክፍል ችግር አለበት።

10ሩም ፎቶ እኩል ከደበዘዘ ወዲያው አትተዉት። ዲ.ኤስ.ኤል.አር. ከሆነ በስክሪኑ በኩል (ላይቭ ቪው) ፎከስ አድርጋችሁ ድገሙ። ጥርት ካለ ሌንሱ ደህና ነው፤ ከካሜራው ጋር ነው ያልተጣጣመው። እንደ ካኖን 80 ዲ ወይም ኒኮን ዲ 7200 ያሉት ካሜራዎች በሜኑአቸው ውስጥ ማስተካከያ አላቸው። 700 ዲ እና ዲ 5300 የላቸውም፤ ካሜራችሁ እንዲህ ዓይነት ከሆነ ሌላ ሌንስ ፈልጉ። በላይቭ ቪውም ከደበዘዘ ችግሩ የሌንሱ ነው።

ደረጃ 7፦ ዘመድ ከውጭ ሲያመጣላችሁ

ከዱባይም ይምጣ ከአሜሪካ፣ የሚያመጣላችሁ ሰው ብዙ ጊዜ ስለ ካሜራ አያውቅም። የምታመጣው እህታችሁ ናት እንበል። "150-600 አምጪልኝ" ብላችሁ አትጻፉላት፤ የሱቁ ሰው ያለውን ያሸክማታል። የምትልኩት መልእክት ይህን ይያዝ፦ የሌንሱን ሙሉ ስም፣ የማውንቱን ስም፣ የካሜራችሁን ሞዴል፣ የሳጥኑን ፎቶ። ከመክፈሏ በፊት የሳጥኑን ጎን ፎቶ አንስታ እንድትልክ ጠይቁ፤ ማውንቱ እዚያ ላይ ተጽፏል።

- በሳጥኑና በሌንሱ ላይ ያለው ሴሪያል ቁጥር አንድ መሆኑን ታረጋግጥ።
- ዋስትናው በየትኛው አገር እንደሚሠራ ትጠይቅ። የአንድ አገር ዋስትና ሌላ አገር ላይ ላይሠራ ይችላል።
- ደረሰኙን ትያዝ፤ ለዋስትናም ለጉምሩክም ያስፈልጋል።
- ሌንሱ በእጅ ሻንጣ ይምጣ። በሚጫን ሻንጣ ውስጥ ከሳጥኑ ጋር እንኳ ቢሆን አይግባ።

ከደረሰ በኋላ የደረጃ 6ን የካሜራ ፈተና በዚያው ሳምንት ሥሩ። ዕቃው ለሱቁ የሚመለስበት ጊዜ አጭር ነው፤ መልሶ የሚወስድላችሁ ሰው ደግሞ ይሄዳል።

ደረጃ 8፦ ሜዳ ከመውጣታችሁ በፊት

1. ሹተሩን 1/1000 ላይ ጀምሩ። ለሚበር ወፍ 1/2000 እና ከዚያ በላይ አድርጉ። የቆመ እንስሳ በ1/500 ይሆናል። የንቅጥቅጥ መከላከያው የእጃችሁን እንጂ የእንስሳውን እንቅስቃሴ አያቆምም።
2. አፐርቸሩን ሙሉ ክፈቱ፤ አይ.ኤስ.ኦውን ኦቶ አድርጉና ጣሪያውን ቆየት ላለ ትንሽ ሴንሰር 3200፣ ለፉል ፍሬም 6400 ላይ ወስኑ። አሸዋ የመሰለውን ነጠብጣብ በኋላ መቀነስ ይቻላል፤ በእንቅስቃሴ የደበዘዘ ፎቶ ግን አይመለስም።
3. ኦቶፎከሱን ተከታታይ አድርጉ።
4. 2 ኪሎ ሌንስ የተገጠመበትን ካሜራ በካሜራው ማንገቻ አታንጠልጥሉ። ክብደቱ ሁሉ ማውንቱ ላይ ይወድቃል። ሌንሱን በእግሩ ያዙ።
5. ከመኪና ለማንሳት ወፍራም ከረጢት አሰፉ። ባዶውን ይዛችሁ ሂዱ፤ እዚያ ስትደርሱ ባቄላ ወይም ሩዝ ሙሉበት። መስኮቱ ላይ አድርጋችሁ ሌንሱን አሳርፉበት። ከትራይፖድ ይሻላል፤ ስትመለሱም ይበላል።

ነገር ሲበላሽ

*ፎቶው ሁሉ ደብዝዟል።* በዚህ ቅደም ተከተል አጣሩ፦ መጀመሪያ ሹተሩ ከ1/1000 በታች ወርዶ እንደሆነ እዩ። ከዚያ ፊልተር ካለ አውልቁ። ቀጥሎ የመኪናውን ሞተር አጥፉ፤ የመኪና ንዝረት በ600 ላይ ይታያል። ትራይፖድ ላይ ከሆነ የንቅጥቅጥ መከላከያውን አጥፍታችሁ ሞክሩ። እነዚህን ሳትጨርሱ ሌንሱን አትክሰሱ።

*ጠዋት ጥሩ ነበር፤ ከ4 ሰዓት በኋላ ምስሉ ውኃ ውስጥ ያለ መሰለ።* ሙቀት ነው። አዋሽ ሜዳና አቢያታ ዳር ላይ በየቀኑ ያጋጥማል። መፍትሔው መቅረብ ወይም እስከ 10 ሰዓት ማረፍ ነው። በጋለ ኮፈን በላይ አሻግራችሁ አታንሱ። የመኪናው ውስጥ ከውጭው ከሞቀ ወይም ከቀዘቀዘ መስኮቶቹን ሁሉ ከፍታችሁ ጥቂት ጠብቁ።

*ፎከሱ ወዲያና ወዲህ እየሄደ አይዝም።* ብዙዎቹ ሌንሶች ጎናቸው ላይ የርቀት መገደቢያ ማብሪያ አላቸው። ወደ ሩቁ አድርጉት። በተቃራኒው፣ ወፏ ቀርባ ፎከሱ እምቢ ካለ ማብሪያው ሩቁ ላይ ስለቀረ ነው፤ ለምሳሌ ሲግማ ኮንቴምፖራሪ ላይ ያ ቦታ ከ10 ሜትር በታች አይሠራም። ወደ ሙሉ መልሱት።

*የሲግማ ወይም የታምሮን ሌንስ በአዳፕተር አዲስ ካሜራ ላይ አልሠራ አለ።* የሌንሱ ሶፍትዌር መታደስ ሊያስፈልገው ይችላል። ለሲግማ ዩ.ኤስ.ቢ. ዶክ፣ ለታምሮን ጂ 2 ታፕ ኢን ኮንሶል የሚባሉ መሣሪያዎች አሉ። የመጀመሪያው ታምሮን 150-600 ግን በታፕ ኢን አይታደስም፤ ያለ ፈተና አትግዙት።

*ከሳነቴ ብርድ ወደ ሞቀ ክፍል ስትገቡ መስታወቱ ላበ።* አትጥረጉት፤ አታብሩትም። ከመግባታችሁ በፊት ሌንሱን ቦርሳው ውስጥ ዘግታችሁ፣ ክፍሉ ውስጥ አንድ ሁለት ሰዓት ሳትከፍቱ አስቀምጡት። ካርዱን አውጥታችሁ ፎቶ ማየት የምትፈልጉ ከሆነ ውጭ ሳላችሁ አውጡት።

*ውስጡ አቧራ ገብቷል።* ጥቂት ነጠብጣብ ከሆነ ተዉት፤ ፎቶ ላይ አይታይም። እቤት ለመፍታት አትሞክሩ። ክረምት ላይ ግን፣ በተለይ ባሕር ዳርንና አርባ ምንጭን በመሰለ እርጥበት ባለበት ቦታ፣ ሌንሱን በሚገጥም ፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ከእርጥበት መምጠጫ ከረጢት ጋር አስቀምጡ፤ ከረጢቱንም በየጊዜው ለውጡ።